በካርዱ ላይ የቆመው መስመር፦ አንዲት ሕፃን፣ ሁለት ሚዛን፣ ሦስት ምክር

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጅ እናት፣ ጎንደር፣ ማራኪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንዲሁም በሙያው ያላችሁ ወገኖች፣

ሴት ልጄ የተወለደችው ግንቦት 25 ቀን ሲሆን በዕለቱ 2.8 ኪሎ ትመዝን ነበር። ለ6ኛው ሳምንት ክትባት ሐምሌ 7 ቀን ስወስዳት 4.1፣ ለ10ኛው ሳምንት ነሐሴ 5 ቀን ስወስዳት ደግሞ 4.8 ኪሎ ሆና ተገኘች። ሁለቱንም ጊዜ «ጎበዝ እናት» ተብዬ፣ በክትባት ካርዷ ላይ የክብደቷ ነጥብ ተደርጎልኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ጳጉሜን 3 ቀን ለ14ኛው ሳምንት ስሄድ ግን ሚዛኑ 4.9 አለ። ወር ሊሞላ ሁለት ቀን በቀረው ጊዜ የጨመረችው 100 ግራም ብቻ መሆኑ ነው፤ በካርዱ ላይ ሽቅብ ይወጣ የነበረው መስመርም ቀጥ ብሎ ተኛ።

ነገሩ እንዴት እንደተነገረኝ ልግለጽ። ሚዛኑ ከማገር ላይ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ክብ ፊት ያለው ነው። እግሮቿን በማንጠልጠያው ጨርቅ ቀዳዳዎች አስገብተን ሰቀልናት፤ እርሷ እያለቀሰች ስትወዛወዝ መርፌውም አብሯት ይወዛወዝ ነበር። ሲስተሯ ቁጥሩን ጮክ ብለው ጠርተው ካርዱን ተመለከቱና፣ ቀና ሳይሉ፣ ተራ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ እየሰሙ «ጡትሽ ውሃ ብቻ ነው እንዴ? ምግብ አትበይም? በይ የቆርቆሮ ወተት ጨምሪላት» አሉኝ። ልጄን ለብቻዋ አልተመለከቷትም፤ ሌላ ጥያቄም አልጠየቁኝም።

በማግስቱ በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጡ። እርሳቸው ደግሞ እስከ ስድስት ወር ድረስ ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳልሰጣት አስጠነቀቁኝ። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለ ቀለሙን የክንድ መለኪያ አውጥተው በክንዷ ላይ ሲያጠነጥኑት ቢጫው ላይ በማረፉ «በመጠኑ ተጎድታለች» ብለው ስሟን መዘገቡ። ጳጉሜን 5 ቀን ከባለቤቴ ጋር ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናት። በዚያ ያለው ባለ ቁጥር ሚዛን 5.25 ኪሎ አለ፤ ሐኪሙም «ልጃችሁ ምንም አልሆነችም፣ ሂዱና ዓመት በዓላችሁን አክብሩ» ብለው ሸኙን።

እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ፍርድ ተሰጠኝ። በዚህ ላይ እናቴ «ሕፃን በሰው ፊት ራቁቷን ተሰቅላ ዓይን ካልበላት ምን ሊበላት ነው» ትላለች። ልጄ ትስቃለች፣ በዓይኗ ትከተለኛለች፣ ዳይፐሯም በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይረጥባል። ይሁን እንጂ ሌሊት ሌሊት ለመጥባት መነሣት አብዝታለች። የየትኛውን ሚዛን፣ የየትኛውንስ ባለሙያ ቃል ልያዝ? የቆርቆሮ ወተቱ ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገና አልከፈትሁትም።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አዘዞ

እኅቴ፣ ቆርቆሮውን ሳትከፍቺ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ነሐሴ 5 ቀን ልጅሽን ምን አልብሰሽ ነው ያስመዘንሻት?

ይህን የምጠይቅሽ በሁለተኛው ልጄ ያየሁትን በማስታወስ ነው። እርሱም የክረምት ልጅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ልጅን ማራቆት ለእኛም ለሚመዝኑትም ስለሚከብድ በሹራቡ፣ በኮፍያውና በረጠበ ዳይፐሩ ይመዘን ነበር። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ራቁቱን መዘኑትና «ቀነሰ» ተባልሁ። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በኋላ ነገሩ ከነከነኝና የልጁን ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ሱሪና አንድ የረጠበ ዳይፐር በፌስታል ጠቅልዬ ቅዳሜ ገበያ ወዳለ የቡና ነጋዴ ዘንድ ወሰድሁት። ሰውየው የምሸጥ መስሎት በሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤ ከ400 ግራም ጥቂት አለፈ። ምን እንደሆነ ስነግረው የሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ልጄ አልቀነሰም ነበር፤ የቀነሰው ሹራቡ ነው።

ስለ ስድቡ ግን ዝም አትበይ። በሦስተኛው ልጄ ጊዜ እንዲሁ በሰው ፊት ሲናገሩኝ «ሲስተር፣ ምክርዎን እፈልገዋለሁ፤ ነገር ግን ወደ ጥግ ሆነን ይንገሩኝ» አልኋቸው። ደነገጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና በወጉ አነጋገሩኝ። እነርሱም ቢሆኑ ከጧት ጀምሮ ቆመው ነው የሚውሉት።

ጠያቂዋ፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄሽን እንዳነበብሁ ወደ ስልኬ ሄጄ የነሐሴ 5ን ፎቶ ፈለግሁ፤ ባለቤቴ ልጃችን ተሰቅላ ሳለች አንሥቶን ነበር። እናቴ ሠርታ የላከችውን ወፍራም ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ የእግር ሹራቧን እንኳ ሳታወልቅ ትታያለች። በዕለቱ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይጥል ስለነበር «አታውልቂያት፣ ይበርዳታል» ያሉኝ ራሳቸው መዛኟ ናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን ግን ራቁቷን ነበረች። በግል ክሊኒኩም እንዲሁ በልብሷና በዳይፐሯ፣ ያውም ጡት ጠብታ እንደጨረሰች ነው የተመዘነችው።

መልስ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ጎንደር ከተማ

እኅታችን፣ በመጀመሪያ በሰው ፊት ስለተነገረዎት ነገር በሙያዬ አፍራለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔም ያለሁበትን ሁኔታ ሳልደብቅ ልናገር። በክትባት ቀን ብዙ እናቶች በአንድ ሚዛን ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ ሪፖርቱ ደግሞ የሚጠይቀን ስንት ሕፃን እንደመዘንን እንጂ ስንት እናት ቁጭ አድርገን እንዳነጋገርን አይደለም። በዚህ ምክንያት ቁጥሩን መጥራት ሥራው፣ ማነጋገሩ ደግሞ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚደረግ ነገር ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድነት ወደ ሕዝቡ ቤት እንዲወርዱ በሠለጠኑባት ከተማ ይህ መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልመለስ። የሚንጠለጠለው ሚዛን እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ሲሆን በሁለት መስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 100 ግራም ነው። ስለዚህ ልጅ እየተወራጨች በተነበበ ቁጥር ላይ የ100 ግራም ልዩነትን እንደ ትልቅ ምስክር መያዝ አይቻልም። ባዶው ማንጠልጠያ ተሰቅሎ መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑ ከእያንዳንዱ ሕፃን በፊት መታየት አለበት፤ ሕፃኗ ራቁቷን ወይም በጣም ስስ በሆነ ልብስ መሆን አለባት፤ መርፌው ሲረጋ በዓይን ትክክል ሆኖ መነበብ አለበት። የክሊኒኩ 5.25 ልብሱን፣ ዳይፐሩንና ያን ጊዜ የጠባችውን ወተት ስለያዘ ከ4.9 ጋር ያን ያህል አይጣላም። ይልቅ ከእውነቱ የራቀው ማንም ያልተጠራጠረው የነሐሴ 5ቱ 4.8 ይመስለኛል። ሹራቡና ዳይፐሩ ከ300 እስከ 400 ግራም ይዘው ከነበረ ልጅዎ ያን ቀን 4.4 ወይም 4.5 ነበረች ማለት ነው፤ እንግዲያው በአራት ሳምንት የጨመረችው 100 ሳይሆን 400 ወይም 500 ግራም ነው።

በካርዱ ላይ ያሉት መስመሮች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ካወጣው መለኪያ የተወሰዱ ናቸው። መለኪያው የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት እየጠቡ ያደጉ ሕፃናትን በመከታተል ስለሆነ «የፈረንጅ ልጅ መለኪያ ነው፣ ለእኛ አይሠራም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። በዚህ መለኪያ የሦስት ወር ሴት ሕፃን መካከለኛ ክብደት 5.8 ኪሎ ሲሆን ዝቅተኛ የሚባለው ከ4.5 በታች ነው። ልጅዎ ቀድሞውንም በ2.8 ተወልዳ ከመካከለኛው በታች የጀመረች ናት፤ ታች ባለው መስመር ላይ ሆና መስመሯን ተከትላ እስካደገች ድረስ ያ በሽታ አይደለም። እኛ የምናየው ነጥቡ የት እንዳረፈ ብቻ ሳይሆን ካለፉት ነጥቦች ጋር ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ አንዱ ነጥብ በሹራብ ከተሳሳተ ግን መንገዱ ሁሉ ይሳሳታል። ቁመቷንም ማንም አልለካላትም፤ ያለ ቁመት ቀጭን ትሁን አጭር መለየት አይቻልም።

የክንድ መለኪያውን በተመለከተ የሥራ ባልደረባዬ ተሳስተዋል። ቀዩን ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ቢጫውን ከዚያ እስከ 12.5 የሚያደርገው ወሰን ከ6 ወር እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ነው። የሦስት ወር ሕፃን ክንድ ቢጫው ላይ ቢያርፍ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በዚያ ብቻ «ተጎድታለች» ተብሎ አይመዘገብም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሚዛኑን ብቻ ከስሼ አልሸኝዎትም። በሦስቱ የመጀመሪያ ወራት ከ20 እስከ 30 ግራም በቀን መጨመር የተለመደ ሲሆን፣ ስሌታችን ለእርስዎ ልጅ ከ14 እስከ 18 ያወጣል። መስመሩ አልቆመም፤ ነገር ግን ዘግይቷል። ሌሊት ለመጥባት መነሣት ማብዛቷን ራስዎ ጽፈዋል። ስለዚህ ማንም ያልጠየቀዎትን እኔ ልጠይቅ፤ ወደ ሥራ ተመልሰዋል? ከተመለሱስ መቼ? ቀን ከማን ጋር ትውላለች? በዚያ ሰዓት የሚሰጣት ምንድን ነው? ውሃ፣ አብሽ፣ የስኳር ውሃ፣ ቅቤ፣ የላም ወተት ማለቴ ነው። እርስዎስ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? የሚያጠባ ሰው ከወትሮው ሁለት ማዕድ መጨመር አለበት፤ በነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነበር።

መጥባት ካቃታት፣ ከደነዘዘች፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ የምትጠባውን ሁሉ ካስመለሰች ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ግን የእኔን መልስ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

መልስ፦ የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ ሳሙና በር አካባቢ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ወላጅ «ሚዛን ይዋሻል» ብሎ ክትትሉን እንዳይተው ስለሰጋሁ የእኛን ልጻፍ።

ልጃችን በሁለት ወሩ አልጨምር ሲል እኛም ልክ እንደ እርስዎ ተበሳጨን፤ ባለሙያዋ ሁልጊዜ በቁጣ ስለሚናገሩን መሄድ ተውን። እናቴ «የእኛ ዘር ቀጭን ነው፣ አባቱም እንዲህ ነበር» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት ብላ አዋቂ ልታመጣ ተነሣች። ይህን ግን በአባትነቴ እምቢ አልሁ፤ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ልጅ እንደሚገድል አውቃለሁና። ያቺው ቁጡ ባለሙያ ሦስት ጊዜ ቤታችን መጡ። በሦስተኛው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና «ዛሬ አልመዝንም፤ ስታጠባው ልይ» ብለው ከባለቤቴ አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጡ። ልጁ የጡቱን ጫፍ ብቻ ይዞ ይጠባ ነበር እንጂ ጥቁሩን ክፍል ጨምሮ አይጎርስም ነበር፤ ባለቤቴ ጫፉ እየተሰነጠቀ ከሕመሙ የተነሣ ቶሎ ቶሎ ትነጥቀው ነበር፤ እኔም በአንድ ቤት እየኖርሁ ይህን አላወቅሁም። ልጁን ሆዱ በሆዷ፣ አገጩ ጡቷን ነክቶ፣ አፉ በሰፊው ተከፍቶ እንዲጎርስ አስተካከሉላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መርፌው ተነሣ።

ስለዚህ እኔ ለእኒያ ሴትዮ ምስጋናም ቅሬታም አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ከመቆጣት ይልቅ እንዲህ ተቀምጠው ቢያዩ ኖሮ እኛም ባልሸሸን ነበር።

የቆርቆሮ ወተቱን በተመለከተ በቤተሰባችን የሆነውን ልናገር። የእኅቴ ልጅ በእርሱ ተጀመረና ዋጋው ሲወደድ ዱቄቱን እያሳነሱ በውሃ ማብዛት መጣ። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይተኛል፤ ክብደቱ ግን አይጨምርም።

ጠያቂዋ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የበዛ ነው። ዘግይቼ የተመለስሁት እንደገና እስክትመዘን ጠብቄ ነው።

በሙያው ያሉት እኅታችን ጥያቄ ልቤን ነካው፤ መልሱ ቤቴ ውስጥ ነበርና። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃዴ አልቆ ነሐሴ 25 ቀን ወደ መሥሪያ ቤቴ ተመልሻለሁ። መሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ የለውም። (ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ የሚለኝም፣ በሦስተኛው ወር ቢሮ ግቢ የሚለኝም ያው አንድ መንግሥት መሆኑን ሳስብ ለማን አቤት እንደምል አላውቅም።) እናቴ ልጃችን ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሣ መጥታ ከእኛ ጋር ቀርታለች፤ ቀን የምትውለውም ከእርሷ ጋር ነው። የማልበውን ወተት ለእናቴ ትቼ እሄድ ነበር፤ ማታ ስመለስ ግን ግማሹ ተርፎ አገኘዋለሁ። ልጄ ስለማትፈልገው ይመስለኝ ነበር።

እናቴን መጠየቅ ከበደኝ። የጠረጠርኋት እንዳይመስላት ቡና አፍልቼ፣ ሁለተኛው ሲወርድ፣ «እማዬ፣ ቀን ስታለቅስ በምን ታባብያታለሽ?» አልኋት። ምንም ሳትሸሽግ ጓዳ ገብታ አንዲት ትንሽ ማሰሮ አመጣች፤ የተዘፈዘፈ አብሽ ነው። ላዩን አጥልላ፣ በሞቀ ውሃ በጥብጣ፣ ጥቂት ስኳር ጨምራ ጧትና ከሰዓት በኋላ በማንኪያ ትሰጣታለች። «አንቺንም በዚህ ነው ያሳደግሁሽ፤ ሆድ ያለሰልሳል» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ የእኔን ወተት የምትቆጥበውም ማታ ደክሜ ስመጣ እንዲያርፍልኝ አስባ ነው። ሆኖም ያ ትንሽ ሆድ በአብሽ ውሃ ተሞልቶ ሲውል፣ ልጄ ቀን ያጣችውን ሌሊት ትፈልገው ኖሯል።

መሟገቱን ትቼ የክትባት ካርዷን ከፊቷ ዘርግቼ መስመሩን በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋት። ማንበብ ባትችልም መስመር ሽቅብ መውጣቱንና መተኛቱን ለማየት ፊደል አላስፈለጋትም። ከዚያ በኋላ አብሽ ቀረ። ጧት ከመውጣቴ በፊት አጠባታለሁ፤ የምሳ ሰዓት በባጃጅ መጥቼ አጠባታለሁ፤ በመሐሉ የታለበውን ወተት እናቴ በንጹሕ ሲኒ ትሰጣታለች። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ለአራት ሰዓት ያህል፣ በማቀዝቀዣ ደግሞ እስከ አራት ቀን እንደሚቆይ ክሊኒኩ ስለነገረኝ መብራት በጠፋ ቀን የጧቱን ብቻ ትቼላት እሄዳለሁ። እኔም ማዕድ ጨምሬያለሁ። ፍልሰታን የንስሐ አባቴ ፈትተውኝ ነበር፤ ሆኖም ቤቱ ሁሉ እየጾመ ለብቻ መብላት ስለሚያሳፍር እንደ ነገሩ ነበር የምበላው።

መስከረም 14 ቀን ወደዚያው ጤና ጣቢያ፣ ወደዚያው ሚዛን ሄድሁ። ክትባት የሌለበት ቀን መርጬ ስለነበር ተራው አጭር ነበር። ሲስተሯን ወደ ጥግ ጠርቼ ስለ ሹራቡም ስለ አብሹም ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኔም አልጠየቅሁሽም» አሉኝ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ባይወጣቸውም እኔ እንደ ይቅርታ ቆጠርሁት። ከነሐሴ 5 ነጥብ አጠገብም «በልብስ» ብለው በእስክሪብቶ ጻፉበት።

ከመመዘኗ በፊት «መጀመሪያ ባዶውን ይስቀሉልን» ያለችው ግን እኔ ሳልሆን እናቴ ናት። ማንጠልጠያው ሲሰቀል መርፌው ከዜሮ በታች ዝቅ ብሎ ታየ፤ በብሎኗ አስተካከሉት። ከዚያ ልጃችን ራቁቷን ተሰቀለች፤ እናቴ ዓይን እንዳያያት ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ ቆመች፤ መርፌው እስኪረጋ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በ5.2 እና በ5.3 መሐል ቆመ። ቁመቷንም ለኩልን።

ቆርቆሮው እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነው። የአብሹን ማሰሮ ግን እናቴ አላስወጣችም፤ አሁን ጧትና ማታ የምጠጣው እኔ ነኝ።